ከኳሷ ኋላ የበቀለው ሣር

ከመምህር ሸዋንዳኝ አፍ «አላውቅም» የምትባል ቃል አትወጣም። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው፤ ተማሪ ፊት ቆሞ አላውቅም ያለን አስተማሪ ከዚያ ወዲያ ዝንብም አይፈራው ብሎ ያምናል። ይህቺው አመሉ ናት እንግዲህ በጡረታው ዘመን፣ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሴቻ አፋፍ ላይ ነጭ ኮፍያ አስደፍታ የጎልፍ ዳኛ ያደረገችው።

ጎልፍ! እናንተዬ፣ በአርባ ምንጭ! ግን ምን ይደረግ፣ ጋሻዬ ያመጣው ጣጣ ነው። ጋሻዬ የመምህር ሸዋንዳኝ የድሮ ተማሪ ነው፤ ዛሬ የሎጅ ባለቤት ሆኗል። ከሎጁ ጀርባ ያለውን ሜዳ አሳጭዶ፣ ስድስት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በየጉድጓዱ ባንዲራ ተክሎ «ፈረንጅ ይጎርፋል» ብሎ ተቀመጠ። ፈረንጁ አልጎረፈም። የመጣው የአገሩ ሰው ነው። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ደግሞ አቶ በርናባስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጫኖ መንደር ባለ ሙዝና ባለ ማንጎ። አንድ ቀን ለሎጁ ፍራፍሬ ሲያራግፍ «እስቲ ይቺን ነገር ልሞክራት» ብሎ ዱላውን ቢያነሳ፣ ኳሷ ተፈናጥራ ከዓይን ጠፋች። ዕድሜ ልኩን ዶማ የጨበጠ ክንድ ነዋ! ከዚያ ወዲያ በርናባስን ማን ይያዘው። ሙዙን ለልጁ ለፋኑኤል ጥሎ ሴቻ አፋፍ ላይ መዋል ሆነ ሥራው።

ጋሻዬ ውድድር ሲያዘጋጅ ዳኛ አስፈለገው። «ቲቸር፣ የሕጉ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ከእርስዎ ሌላ ማን ያነበዋል?» አለው።

«ጎልፍ ነው እንዴ? እሱማ ቀላል ነገር ነው» አለ መምህር ሸዋንዳኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

መጽሐፉን ቤቱ ገብቶ ገለጠው። ቃሉን አንድ በአንድ ሁሉንም ያውቀዋል፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ምንም አይገባውም። ኳስ ብትንቀሳቀስ፤ ያንቀሳቀሳት ተጫዋቹ መሆኑ ከታወቀ፤ ወይም ባይታወቅም ሳይሆን እንደማይቀር ከተገመተ፤ በቀር ግን እንዲህ ከሆነ፤ ይህ «በቀር» ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አይሠራም። ጌታ ሆይ! ሰዋስው ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ መውጫው ሲጠፋው አስቡት። ቁጭ ብሎ አነበበ፣ ቆሞ አነበበ፣ ልጁን ማራኪን ጠርቶ «እስቲ አንቺ ስሚው» እያለ ጮክ ብሎ አነበበ። ማራኪ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ስላያት እሱም የገባው መሰለው።

አሁን የዚህን ሰው ጭንቅ ልንገራችሁ፤ ኋላ «ለኳስ ጨዋታ ይህን ያህል ምን አስጨነቀው?» እንዳትሉኝ።

ማራኪና የበርናባስ ልጅ ፋኑኤል ይዋደዳሉ። አምና የበርናባስ ሽማግሌዎች ማራኪን ለመጠየቅ መጡ። መምህር ሸዋንዳኝ የተወለደው ጎጃም ነው። እዚያ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን «እሺ» አይባልም፤ ልጅቷ የትም የወደቀች ይመስላላ! «ዘመድ እናማክር» ይባላል፤ ሽማግሌውም ሳቅ ብሎ ተመልሶ ይመጣል። እሱም እንደ አገሩ «ዘመድ እናማክር» አለ። ቃሉ ጫኖ ሲደርስ «እምቢ አለ፣ ናቀን» ሆኖ ደረሰ። በርናባስ ተቀየመ። ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ማራኪ እህል ጠላች፣ ከሰውነት ጎዳና ወጣች። በስንት ምልጃ፣ ፋኑኤል አባቱ እግር ላይ ወድቆ፣ በርናባስ በመጨረሻ «ይሁን፣ አንዴ ልድገም። በሕይወት እያለሁ ግን ሦስተኛ አልልክም። ስሙኝ፣ አልልክም!» አለ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ነገ እሁድ ነው።

እና ፍጻሜው ላይ የደረሱት እነማን መሰሏችሁ? ጋሻዬና በርናባስ! መምህር ሸዋንዳኝ ዳኝነቱን ሲቀበል ይህን በሕልሙም አላሰበው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አሉ። ነገ ልጁን የሚጠይቅ ሰው ላይ ዛሬ ሊፈርድበት ነው፤ ያውም በማያውቀው ሕግ። «አመመኝ ልበልና ልቅር?» ብሎ ማራኪን ጠየቃት። «ከቀረህ ደግሞ 'ንቆኝ ቀረ' ይላል» አለችው። እውነቷን ነው። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፤ እሷም ተከተለችው።

ሜዳው በሰው ተጥለቅልቋል። በአንድ ወገን የሎጁ ሠራተኞች፣ በሌላው በፒካፕ ተጭነው የመጡ የጫኖ ጎረምሶችና ሽማግሌዎች። ጎልፍ ሲታይ ዝም ይባላል ብሎ የነገራቸው የለም፤ ከበሮ ይዘው መጥተዋል።

ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ የጋሻዬ ኳስ ከርከሮ የቆፈረው ጉሬ ውስጥ ገባች። ሁሉም ዞሮ ዳኛውን አየ። መምህር ሸዋንዳኝ ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገጽ ገለጠ፤ ላቡ ከኮፍያው ሥር ወረደ። ጎረምሶቹ ከበሮ እየመቱ ጠበቁት። «የእንስሳ ጉድጓድ! ተገኘ! ያለ ቅጣት ይውጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ደስታው ከተጫዋቹ ባሰ።

ጋሻዬ ጎንበስ ብሎ ጉሬውን አየና ቀና አለ። «ቲቸር፣ ከርከሮው ውስጥ ቢኖርስ?»

ይህንን ማን ጻፈው! «ካለ... ሌላ ኳስ ይጠቀማል» አለ ሸዋንዳኝ።

«መኖሩን ማን ያረጋግጣል?» አለ ከጫኖ በኩል አንዱ። «ዳኛው እጁን ይስደድና ይይ!»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። መምህር ሸዋንዳኝም እንደ ሰዉ ለመሳቅ ሞከረ። በፈረደ ቁጥር ዓይኑ የሚሄደው ወደ በርናባስ ፊት ነው። ተከፋ? ወይስ ደስ አለው? በርናባስ ደግሞ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው፤ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከአፋፉ ሥር የተኛውን ሐይቅ ያያል።

በሦስተኛው ጉድጓድ የበርናባስ ኳስ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ ዙሪያዋን የረገፈ ማንጎ፣ ከበላይዋ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ጥሬ ማንጎ። ዱላውን ሲያነሳ ቅርንጫፉ ያዘው።

«ይኼን ልቅጠፍ፣ መምህር?»

ለዚችኛዋ እንኳ መጽሐፍ አላስፈለገውም። ከዚያ ሁሉ ሕግ እንደ ሰው ቋንቋ የገባችው እሷ ብቻ ናት፤ ደጋግሞ አንብቧታል። «የወደቀው ይነሳል፣ አቶ በርናባስ። ያልወደቀው አይነካም። ከኳስዎ አጠገብ የበቀለ ነገር አይቀጠፍም፣ አይነቀልም። ከነኩት ጉድጓዱን ተሸነፉ ማለት ነው።»

«የገዛ አገሬ ማንጎ?»

«የገዛ አገርዎ ማንጎም ቢሆን።»

በርናባስ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ሕግ ነው። የበቀለን ነገር ያከብራል» አለ። ከዚያ ከወደቁት አንዱን አንስቶ «ይኼን ብበላውስ?»

ሸዋንዳኝ መጽሐፉን ሊገልጥ ካለ በኋላ ተወው። «ይብሉት እንጂ!»

በርናባስ ማንጎውን ግጦ ጨረሰ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ቅርንጫፉን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ መታ። በርናባስ ሲስቅ ሸዋንዳኝ ያን ጊዜ አየው። ልቡ ትንሽ ተመለሰች። ማራኪም ከሰው መሀል ሆና እጇን አወዛወዘችለት። በቃ፣ እግዜር ረድቶኛል፣ ዛሬ በሰላም ይመሻል አለ በሆዱ። ሰው መቼም ሞኝ ነው።

እኩል ለእኩል ሆነው መጨረሻው ጉድጓድ ደረሱ። ይህኛው ከጫካው አፍ ላይ ነው። ወሩ የካቲት ነው፣ ሜዳው በሙሉ ታጭዶና ደርቆ ጣት የሚያስይዝ ሣር የለውም፤ ዳር ላይ ብቻ፣ የሎጁ ቧንቧ በሚያንጠባጥብበት፣ የለመለመ ረዥም ሣር አለ። የበርናባስ ኳስ ሄዳ ሄዳ እዚያ ሣር መሀል ተወሸቀች። የጋሻዬ ኳስ ወደ ባንዲራው ተንከባለለች።

«መምህር፣ ይኼ የቧንቧ ውሃ ምን ይባላል? ኳሴን ላነሳ እችላለሁ?» አለ በርናባስ።

መምህር ሸዋንዳኝ ተቀምጦ መጽሐፉ ውስጥ ገባ። ጊዜያዊ ውሃ ይላል። ቧንቧው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚያንጠባጥበው፤ ዓመት ሙሉ ያለ ነገር ጊዜያዊ ይባላል? እዚህ ላይ ተጣብቆ ሳለ ነው ከጀርባው ጩኸቱ የተነሳው።

ቀና ሲል አንድ ዝንጀሮ የጋሻዬን ኳስ በአፉ ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል።

ሕጉን ወዲያው አገኘው፤ እንስሳ የወሰዳት ኳስ ያለ ቅጣት ወደነበረችበት ትመለሳለች። ግን የት ነበረች?

«ባንዲራው ሥር ነበረች! ልትገባ ነበር!» አሉ የሎጁ ሰዎች።

«ውሸት! እዚያ አሸዋው ውስጥ ነበረች!» አሉ የጫኖ ልጆች።

«ዳኛው ይናገር! ዳኛው ይናገር!»

መምህር ሸዋንዳኝ መጽሐፉን ከደነ። «እኔ... አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው፤ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ጊዜያዊው ውሃ ውስጥ።

«አላየሁም? ዳኛ ሆነህ ካላየህ ምን ልትሠራ ተቀመጥክ?»

«ለአማቹ አድልቶ ነው!» አለ አንድ የሎጁ ዘበኛ።

«ለተማሪው አድልቶ ነው እንጂ!» አለ አንድ የጫኖ ጎረምሳ።

አንዱ አንዱን ገፋ። የተገፋው ዱላ አነሳ፤ ያን የብረት ጫፍ ያለውን። ሌላው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ጨበጠ። ጋሻዬ ራሱ፣ የሎጅ ባለቤቱ፣ የአንዱን ጎረምሳ ኮሌታ አንቋል። መምህር ሸዋንዳኝ መጽሐፉን እያውለበለበ «ሕጉ! ሕጉ!» ይላል፤ ማን ሊሰማው! ደም ሊፈስ ነው፣ በእኔ ጦስ የሰው ራስ ሊፈነከት ነው፣ ልጄም ቀረባት አለ። እናቱን ጠራ፤ የሞተችውን።

ያን ጊዜ በርናባስ ዱላውን ወረወረ። ከቆመበት ጎንበስ አለና ያንን የለመለመ ሣር በሁለት እጁ ነቀለው። ሜዳው ላይ የሚነቀል ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነዋ፣ ከእግሩ ሥር፣ ከኳሱ ኋላ። ከነቀለው ከፍሎ አጠገቡ ለቆመው ለመምህር ሸዋንዳኝ እጅ ላይ አስጨበጠው፤ «ይያዙ» አለው። የቀረውን ከፍ አድርጎ ይዞ በሁለቱ ወገን መሀል ገባና ተንበረከከ።

የጋሞን አገር የማያውቅ ሰው ይህ ምንድን ነው ይል ይሆናል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ማንም ተራምዶት አያልፍም። ቂም ያለው ቂሙን ይውጣል፣ ድንጋይ ያነሳ ድንጋዩን ይጥላል። ከጫኖ የመጡት ሌሎች ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ከጎኑ ተንበረከኩ። ድንጋዩ ወደቀ። ዱላው ወረደ። ጋሻዬም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ኮሌታውን ለቀቀ፤ እንባ ባቀረረ ዓይን መጥቶ በርናባስን በክንዱ አነሳው። «ጋሼ በርናባስ፣ ኳሴን እርስዎ ያሉኝ ቦታ አደርጋታለሁ» አለው።

በርናባስ ሁለቱ ወገኖች ያሏቸውን ቦታዎች አይቶ መሀሉ ላይ ቆመ። «እዚህ ትሁን።» ጋሻዬ ሌላ ኳስ አስቀምጦ መታ፤ ኳሷ የጉድጓዱን ከንፈር ታክካ አለፈች።

አሁን ተራው የበርናባስ ነው። ይቺን ካስገባ ዋንጫው የእሱ ነው። መምህር ሸዋንዳኝ ዞሮ ኳሷን አየ። ቅድም ሣር ውስጥ ተወሽቃ ነበር፤ አሁን ኋላዋ ተመልጦ፣ ትሪ ላይ የተቀመጠች እንቁላል መስላ ታበራለች። ከኳስዎ አጠገብ የበቀለ ነገር አይነቀልም። ከነኩት ጉድጓዱን ተሸነፉ። ገና ቅድም፣ በገዛ አፉ!

ተናገር አለው አንዱ ልቡ። ምን ብዬ? አለ ሌላው። ሰው ሊገዳደል ሲል ያስታረቀን ሽማግሌ «ስላስታረቅክ ተሸንፈሃል» ልበለው? በአገሩ ሰው ፊት? ነገ ሽማግሌ የሚልከውን ሰው? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ በርናባስ መታ። ኳሷ ሜዳውን አቋርጣ እያዘገመች ሄዳ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆም አለችና ገባች።

የጫኖ ሰው አበደ። ከበሮው ተደለቀ፣ በርናባስ ትከሻ ላይ ወጣ፣ ጋሻዬ ራሱ አጨበጨበ። ከእንጨት የተጠረበውን የአዞ ዋንጫ ሊሰጡት ሲሉ በርናባስ አውርዱኝ አለ። ወርዶም በቀጥታ ዳኛው ፊት መጥቶ ቆመ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅድም ማንጎውን የበቀለ ነገር አይነካም ብለውኝ ነበር። ሣሩን የነቀልኩት ከኳሴ ኋላ ነው። ይኼስ እንዴት ነው?»

«ኧረ ይተውት ጋሼ በርናባስ! እኔ ምንም አላልኩም» አለ ጋሻዬ።

በርናባስ ግን ዓይኑን ከዳኛው ላይ አላነሳም። መምህር ሸዋንዳኝ ማራኪን አየ። ሻርፗን በሁለት እጇ ይዛ ታያዋለች፤ አንገቷ እንዴት ቀጥኗል! አንዲት ቃል ናት፤ «ተሸንፈዋል» ካለ ሰውየው ሕዝብ መሀል ይዋረዳል፣ ዋንጫውን ይነጠቃል፣ ተቀይሞ ይሄዳል። ሦስተኛ አልልክም ብሏል። በሕይወት እያለሁ ብሏል።

ኮፍያውን አስተካከለ። «እኔ ሣር ሲነቀል አላየሁም» አለ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። «ዳኛ ያላየውን አይፈርድም። ዋንጫው የእርስዎ ነው።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። የበርናባስ ፊት ግን ጠቆረ። ጎንበስ ብሎ ወደ ሸዋንዳኝ ቀኝ እጅ አየ።

«ታዲያ በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው?»

መምህር ሸዋንዳኝ እጁን አየ። ሣሩ! በርናባስ ያስጨበጠው ሣር፣ ሥሩ ላይ ጭቃው እንዳለ፣ እስካሁን በጡጫው ውስጥ ነው።

ከኋላ አንዱ ሳቀና ሳቁን ወዲያው ዋጠው። ሌላ የሳቀ የለም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ነውር ብቻ አይደለም፣ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ፣ ልጅና ከብት ላይ የሚወርድ ነውር ነው። የእርቅ ሣር ጨብጦ መዋሸት ደግሞ ከጎሜም ጎሜ ነው።

በርናባስ ዋንጫውን ተቀብሎ ለጋሻዬ እጅ ሰጠ። «ተሸንፌያለሁ። ሕጉን ቅድም ሰምቼዋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ሸዋንዳኝ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብትፈርድብኝ ምንም አልልህም ነበር። ይኼ ግን... ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ቤት ሽማግሌ አይሄድም። እኔ ብልክም እነሱ አይሄዱም።» «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ነበር። ዱላውን እንኳ ሳያነሳ ወደ በሩ ወረደ። ሰዉም እግር በእግር ተከተለው።

መምህር ሸዋንዳኝ ከቆመበት አልተነቃነቀም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው እሰየው ባለ ነበር። ማራኪ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ አይተሃል?»

«ላንቺ ብዬ ነው...»

«አይተሃል ወይ ነው የምልህ!»

«አይቻለሁ» አለ፤ ድምፁ የእሱ አልመሰለውም።

«እና ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለእሱ ንገረው!» እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ግን አልጠረገችውም። «ለእኔ ብለህ እንዲህ ዓይነት ነገር... እንዴት ነው ፋኑኤልን ቀና ብዬ የማየው?»

ሮጠ። የስድሳ ዓመት ሰው፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው፣ ኮፍያው ወድቆበት ሳያነሳት ቁልቁል ሮጠ። ፒካፑ ከሎጁ በር ሊወጣ ሲል ደረሰና መስኮቱን ያዘ። «አቶ በርናባስ! አይቻለሁ! ሲነቅሉ አይቻለሁ! ዋሽቻለሁ!»

በርናባስ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ፊት እንዳየ ነው። «ይኼ ለእኔ አይነገርም። ሣሩ የእኔ አይደለም። ዱቡሻ ላይ ይነገራል፣ አደባባዩ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት።»

«እናገራለሁ።»

«ሰው ሁሉ ይሰማል። ተማሪዎችህም ጭምር።»

«ይስሙ! እናገራለሁ አልኩ እኮ!»

መንደሩ ሁሉ በማግስቱ እያወራ እንደሚስቅበት ያውቃል፤ አውቆትም ግን ፒካፑ ኋላ ላይ ወጣ። ጎረምሶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት። ማራኪም ተከትላው ወጥታ ከማዶ ተቀመጠች። ፒካፑ ታችኛውን ከተማ ሲቀላን አልፎ የጫኖን መንገድ ያዘ፤ ከበሮው ጎረምሳው ጭን ላይ ተኝቶ ነበር።

የጫኖ ዱቡሻ ትልቅ ዋርካ ሥር ያለ ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ መምህር ሸዋንዳኝን መሀል አስቀመጡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት የቆመ ሰው ዛሬ እንደ ተማሪ መሬት ላይ ተቀመጠ። በዚያ ላይ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሮ ጋሞኛ አያውቅም! የሚያስተረጉም ሰው ተፈለገ። የመጣው ፋኑኤል ነው። ከሙዙ ውስጥ ጠርተውት፣ እጁ ገና ጭቃ እንደሆነ፣ ምን እንደተፈጠረ በወሬ ሰምቶ ፊቱ ገርጥቶ መጣና ከጎኑ ቆመ። መምህር ሸዋንዳኝ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ከሁሉ ያረጀው ሽማግሌ ጠየቀ፤ ፋኑኤል «ምን አየህ? ይላሉ» አለ።

«ሣር ሲነቀል አይቻለሁ። በእጄም ይዤዋለሁ። ይዤው አላየሁም አልኩ።»

ፋኑኤል ተረጎመ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ያረጀው ሽማግሌ እጁን ከፍ ሲያደርግ ዝም አሉ።

«ለምን ዋሸህ? ይላሉ።»

መምህር ሸዋንዳኝ ብዙ ቃል ያውቃል። ስለ ሕጉ፣ ስለ እርቁ፣ የተሸነፈ ሰው እንዳይከፋ ስለማሰቡ የሚናገረው የተዋበ ነገር መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። አፉን ሲከፍት ግን አንዱም አልመጣለትም።

«ፈራሁ» አለ።

«ማንን ፈራህ? ይላሉ።»

ቀና አለና ከሽማግሌዎቹ መሀል የተቀመጠውን አየ። «አቶ በርናባስን። ሦስተኛ አልልክም ብሎ ነበር። አንዲት ቃል ቢከፋው ልጄ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ዓመቱን ሙሉ ስፈራው ነው የኖርኩት። ተቆጥቶ እንዳየኝ እፈራለሁ፣ ዝም ብሎ እንዳየኝ እፈራለሁ። ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ የፈራሁት መጽሐፉን አይደለም፤ እሱን ነው።»

ፋኑኤል አልተረጎመም። ያረጀው ሽማግሌ ወደ እሱ ዞረ፤ ቆይቶ ሌላውም ዞረ። የገዛ አባቱ ነው። በመጨረሻ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አንዲት ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። መምህር ሸዋንዳኝ ቋንቋውን ባያውቅም አንዲት ቃል እንዳልጎደለች ከበርናባስ ፊት አወቀ።

በርናባስ ከተቀመጠበት ተነሳ። ከሽማግሌዎቹ መሀል ወጥቶ፣ ሜዳውን ተራምዶ፣ ጥፋተኛ የሚቀመጥበት መሬት ላይ፣ ከመምህር ሸዋንዳኝ ጎን ቁጭ አለ። ትከሻቸው ተነካካ። በጋሞኛ መናገር ጀመረ፤ ብዙም አልተናገረም፣ ድምፁ ግን ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

«ምን አለ?» አለ መምህር ሸዋንዳኝ። «ፋኑኤል፣ ምን አለ?»

ፋኑኤል ጭቃ በሆነው እጁ ዓይኑን ጠረገ። «ሰውዬው እስኪዋሽ ድረስ ያስፈራራሁት እኔ ነኝ አለ። የገዛ ልጄንና የሰውን ልጅ መያዣ አድርጌ ዓመት ሙሉ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ከእሱ ጋር በእኔም ላይ ፍረዱ አለ።»

ከኋላ ማራኪ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዝም በይ ያላትም ሰው አልነበረም።